ትንሽ ዲጂታል ካሜራ ስትመርጡ፦ ከሦስቱ ሁለቱን ነው የምታገኙት

"የትኛዋን ካሜራ ልግዛ?" ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ጊዜ በልቡ አንዷን መርጦ ጨርሷል፤ ከእኔ የሚፈልገው "አዎ፣ እሷ ጥሩ ናት" የምትል ቃል ብቻ ነው። እኔ ግን ጥያቄውን በጥያቄ ነው የምመልሰው። በስልክህ አንስተህ "ኤጭ!" ያልክበት ፎቶ የቱ ነው? መልሱ "ራቅ ያለውን ላቅርብ ስል ይበላሽብኛል" ከሆነ የሚያስፈልገው አንድ ዓይነት ካሜራ ነው። "ማታ ቤት ውስጥ ልጆቹ ሲሯሯጡ ሁሉም ይደበዝዛል" ከሆነ ፍጹም ሌላ። "ኧረ ስልኬ ምንም አላጎደለብኝም" ካለ ደግሞ ገንዘቡን ኪሱ ውስጥ ያቆይ። የምሬን ነው።

ይህን ጥያቄ የተማርኩት ተሳስቼ ነው። የመጀመሪያዋን ትንሽ ካሜራዬን ስገዛ ያየሁት ሳጥኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን "30 እጥፍ ዙም" ነበር። 30 እጥፍ! ጨረቃን አነሳሁባት፣ ዛፍ ጫፍ ላይ ያለች ወፍ አነሳሁባት፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ ከእጄ አልወጣችም። ከዚያ የእህቴ ልጅ ልደት መጣ። ማታ ነው፣ ሳሎኑ ውስጥ የበራው አንድ አምፖል ነው፣ ልጆቹ ደግሞ አንድ ቦታ አይቆሙም። ወደ 200 ፎቶ አነሳሁ፤ ለሰው የሚታይ የወጣው ስድስት ነው። የቀረው ወይ ተንቀሳቅሷል፣ ወይ አሸዋ የተበተነበት ይመስላል። ካሜራዋ አልተበላሸችም። የማትችለውን ሥራ የሰጠኋት እኔ ነኝ።

እና ነገሩ እንዲህ ነው። ከትንሽ ካሜራ ሰው ሦስት ነገር ይፈልጋል፦ ኪስ እንድትገባ፣ ሩቁን እንድታቀርብ፣ ጨለማ እንዳትፈራ። ሦስቱን አንድ ላይ የምትሰጥ የለችም። ሁለቱን ትመርጣላችሁ፣ ሦስተኛውን ትተዋላችሁ። ምክንያቱ የአምራቾቹ ክፋት አይደለም። ብርሃን የሚቀበለው ሴንሰር ሲተልቅ፣ እሱን የሚሸፍነው ሌንስም አብሮ መተለቅ አለበት፤ በዚያ ላይ ሩቅ አቅርብ ካላችሁት ሌንሱ ይረዝማል፤ ያኔ ኪስ መግባቱ ቀረ።

ስለ ሴንሰር ትንሽ ቁጥር ልጥራ፣ ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ በእሱ ላይ ስለሚቆም። በብዙዎቹ ባለ ረጅም ዙም ትንንሽ ካሜራዎች ውስጥ ያለው ሴንሰር "1/2.3 ኢንች" የሚባለው ሲሆን ስፋቱ 6.2 በ4.6 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ከትንሹ ጣት ጥፍር ያንሳል። "1 ኢንች" የሚባለው 13.2 በ8.8 ሚሊሜትር ነው፣ ማለትም በስፋት ከመጀመሪያው 4 እጥፍ ይበልጣል። "ኤፒኤስ-ሲ" የሚባለው ደግሞ 23.5 በ15.6 ሚሊሜትር ገደማ ነው፣ ከመጀመሪያው 13 እጥፍ። በነገራችን ላይ "1 ኢንች" የሚለው ስም አያሳስታችሁ፤ ከጥግ እስከ ጥግ ብትለኩት እንኳ 16 ሚሊሜትር አካባቢ ነው፣ እውነተኛው ኢንች 25.4 ሆኖ ሳለ። ስሙ የተወረሰው ከድሮ የቴሌቪዥን ካሜራ ቱቦዎች ነው። ማንም ሊያስተካክለው አልፈለገም፣ ትልቅ የሚመስል ቁጥር ማን ይጠላል።

ሜጋፒክስልን እርሱት። አንድ ኤ4 ወረቀት ሙሉ ጥርት አድርጎ ለማተም 9 ሜጋፒክስል ገደማ ይበቃል። ዛሬ ከዚህ በታች የሆነ አዲስ ካሜራ ከታወቁት አምራቾች እምብዛም አታገኙም።

ስልክ ያለው ሰው ለምን ካሜራ ይገዛል?

ተገቢ ጥያቄ ነው። የጃፓን ካሜራ አምራቾች ማኅበር በሚያወጣው ቁጥር መሠረት እ.ኤ.አ. በ2010 ሌንሳቸው የማይነቀል ትንንሽ ካሜራዎች ከ100 ሚሊዮን በላይ ለገበያ ተልከው ነበር። በ2023 የተላኩት 1.7 ሚሊዮን ገደማ ናቸው። የበላቸው ስልክ ነው። የበላቸውም በሌንስ ሳይሆን በስሌት ነው፤ ስልክ ቁልፉን አንዴ ስትነኩት ብዙ ፎቶ በተከታታይ ያነሳና አዋህዶ አንድ ያደርገዋል፣ ጨለማውን ያበራል፣ የሰማዩን ድምቀት ያወርዳል።

ስለዚህ ትንሽ ሴንሰር ያላት፣ ዙሟ 5 ወይም 8 እጥፍ የሆነች ርካሽ ካሜራ ዛሬ ከጥሩ ስልክ የምትበልጥበት ነገር ጥቂት ነው። አንዱ ፍላሿ ነው፦ የካሜራ ፍላሽ ለቅጽበት ቦግ ብሎ እንቅስቃሴን ቀጥ ያደርጋል፣ የስልኩ መብራት ግን እንደ ባትሪ መብራት ነው፣ አብርቶ ይቆማል እንጂ አያቆምም። ሁለተኛው ደግሞ ስታነሱ መልእክት አለመግባቱ ነው። ይሄ ቀልድ ይመስላል ግን አይደለም፤ ካሜራ ይዤ ስወጣ የማየውና ስልክ ይዤ ስወጣ የማየው አንድ አይደለም። ለዚህ ብቻ ግን ገንዘብ አውጡ አልልም።

አንድ ክብደት፣ ሦስት ውሳኔ

ሦስት ካሜራዎችን ጎን ለጎን ላስቀምጥ። የካኖን ኤስኤክስ740፣ የካኖን ጂ7ኤክስ ማርክ 3፣ የሶኒ አርኤክስ100 ማርክ 7። ሦስቱም ከነባትሪያቸው 300 ግራም ገደማ ናቸው። ሦስቱም የጃኬት ኪስ ይገባሉ። በእጃችሁ ብትመዝኗቸው አትለዩአቸውም፤ ሥራቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይለያያል።

ኤስኤክስ740 ኪስን እና ዙምን መርጣ ጨለማን ትታለች። ከ24 እስከ 960 ሚሊሜትር ትሄዳለች፣ 40 እጥፍ መሆኑ ነው። (የሌንስ ሚሊሜትር ሲያንስ ሰፊ ቦታ ያስገባል፣ ሲበዛ ሩቁን ያቀርባል፤ እዚህ የምጠራው ሁሉ ከ35 ሚሊሜትር ፊልም ካሜራ ጋር ተመሳስሎ የተሰላው ነው።) ወፍ፣ ስታዲየም፣ መድረክ ላይ ያለች ልጃችሁ በቀን ብርሃን፣ እዚህ ላይ ስልክ አይደርስባትም። ግን ሴንሰሯ ትንሹ ነው፣ የሌንሷ ቀዳዳም ሲሰፋ ኤፍ 3.3 ነው፣ እስከ መጨረሻው ስታቀርቡ ወደ ኤፍ 6.9 ይጠባል። (የኤፍ ቁጥር ባነሰ ቁጥር ቀዳዳው ይሰፋል፣ መጀመሪያ ላይ ሁሉንም ሰው ግራ ያጋባል።) ፀሐይ ስትጠልቅ ሥራዋ አበቃ ማለት ነው።

ጂ7ኤክስ ማርክ 3 ኪስን እና ጨለማን መርጣ ዙምን ትታለች። ከ24 እስከ 100 ሚሊሜትር ብቻ፤ ሴንሰሯ ግን ባለ 1 ኢንቹ ነው፣ ቀዳዳዋም ከኤፍ 1.8 ይጀምራል። ሒሳቡን እንሥራው፦ ቀዳዳው ከ3.3 ወደ 1.8 ሲሰፋ የሚገባው ብርሃን 3 እጥፍ ተኩል ገደማ ይጨምራል፣ ሴንሰሩ ደግሞ 4 እጥፍ ይሰፋል። ሲባዛ 14 እጥፍ ገደማ ብርሃን ነው፣ በዚያው ሳሎን፣ በዚያው አምፖል፣ በዚያው ፍጥነት። የእኔ 200 ፎቶዎች የከሸፉት በዚህ ልዩነት ነው።

አርኤክስ100 ማርክ 7 መሐል ላይ ለመቆም የሞከረች ናት። ባለ 1 ኢንች ሴንሰር፣ ከ24 እስከ 200 ሚሊሜትር፣ ፎከሷ እጅግ ፈጣን፣ ብቅ የምትል፣ ዓይን አስጠግተው የሚያዩባት መመልከቻም አላት። የከፈለችው ግን አለ፤ ቀዳዳዋ ከኤፍ 2.8 ነው የሚጀምረው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። የዚህችው ቤተሰብ ማርክ 3፣ 4 እና 5 ሌንሳቸው ከ24 እስከ 70 ሆኖ ቀዳዳው ከኤፍ 1.8 እስከ 2.8 ነበር። ከማርክ 6 ጀምሮ ብርሃኑን ቀንሰው ዙሙን አስረዘሙት። ስለዚህ ማታ ማታ ለሚያነሳ ሰው፣ በ2014 የወጣችው ማርክ 3 በ2019 ከወጣችው ማርክ 7 የተሻለች ልትሆን ትችላለች፣ በዚያ ላይ ያገለገለች ሆና በርካሽ ትገኛለች። አዲስ ሁሉ ብልጫ አይደለም፣ አንዳንዴ የሐሳብ ለውጥ ብቻ ነው።

በጂ7ኤክስና በማርክ 7 መካከል ተቀምጬ ብመርጥ? ቪዲዮ እየቀረጸ ራሱን የሚያነሳ ሰው ከሆነ ጂ7ኤክስ፤ ስክሪኗ ወደ ላይ ተገልብጦ ፊታችሁን ያሳያችኋል፣ የማይክ መሰኪያም አላት። ማርክ 7 ላይም ሁለቱም አሉ፣ ግን ውድ ናት። ከቤት ውጭ በጠራራ ፀሐይ ብዙ የሚያነሳ ሰው ከሆነ ማርክ 7፣ በመመልከቻዋ ምክንያት። በፀሐይ ላይ ስክሪን አይታይም፤ በግምት ማንሳት ምን እንደሆነ ያየ ያውቀዋል። ጂ7ኤክስ መመልከቻ የላትም።

አንድ ማስታወሻ ስለ "እጥፍ"። 10 እጥፍ ማለት ሩቁ ቁጥር ለቅርቡ ሲካፈል የሚወጣው ነው እንጂ ምን ያህል ሩቅ እንደሚደርስ አይናገርም። ሳጥኑ ላይ ሚሊሜትሩን ፈልጉ። በተለይ የመጀመሪያውን ቁጥር፦ 24 የሚጀምር ካሜራ ጠባብ ክፍል ውስጥ ሁሉንም ሰው ያስገባል፣ 28 የሚጀምር ግን ጫፍ ላይ ያሉትን አንድ ሁለት ሰዎች ሊያስቀርባችሁ ይችላል። "ዲጂታል ዙም" የሚለውን ደግሞ ከነጭራሹ አትቁጠሩት፤ ፎቶውን ቆርጦ ማስፋት ነው፣ ቤት ገብታችሁም ትሠሩታላችሁ።

ዙም የሌላቸው

እነዚህን ሰው ይፈራቸዋል። ይህን ሁሉ ገንዘብ ከፍዬ ዙም የለውም? አዎ የለውም። የሪኮ ጂአር 3 ክብደቷ 257 ግራም ነው፣ ከላይ ካሉት ከሦስቱም ትቀላለች፣ ግን ውስጧ ያለው ትልቁ ኤፒኤስ-ሲ ሴንሰር ነው። ይህ የሆነው ሌንሷ 28 ሚሊሜትር ላይ የተቸነከረ ስለሆነ ነው። 28 ሰፊ ሆኖ ለሚጎረብጠው 40 ሚሊሜትር የሆነች ጂአር 3ኤክስ የምትባል እህት አለቻት።

ስለ ጂአር ትንሽ ልቆይ፣ ስለምወዳት። በአንድ እጅ ትበራለች፣ በአንድ እጅ ታነሳለች፣ ሱሪ ኪስ ውስጥ ትገባለች። ርቀቱን አስቀድማችሁ ትወስናላችሁ፣ ለምሳሌ 2 ሜትር፣ ቁልፉን አንዴ ጥርቅም ስታደርጉት ፎከስ ልፈልግ ሳትል እዚያው ላይ ታነሳለች። መንገድ ላይ ሰው ሲያልፍ ማንሳት ለሚወድ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ጉድለቷ ግን ረጅም ነው፦ ፍላሽ የላትም፣ መመልከቻ የላትም፣ ስክሪኗ አይዞርም፣ ባትሪዋ 200 ፎቶ ገደማ ላይ ያልቃል፣ አቧራም ወደ ሴንሰሯ ገብቶባቸው የሚያማርሩ ባለቤቶች ብዙ ናቸው። ለቤተሰብ አንድ ካሜራ ለሚፈልግ ሰው አልመክራትም። ሁለተኛ ካሜራ ናት፣ ወይም የአመለኛ ሰው ካሜራ።

የፉጂፊልም ኤክስ100 ቤተሰብ ሌላው ነው። በ2024 የወጣችው ኤክስ100 ቪአይ ባለ 40 ሜጋፒክስል ናት፣ ሌንሷ ከ35 ሚሊሜትር ጋር እኩል፣ ቀዳዳዋ ኤፍ 2፣ እውነተኛ የመስታወት መመልከቻ አላት፣ ፍላሽም አላት። እውነቱን ለመናገር ግን 521 ግራም ናት፤ ኪስ ውስጥ አትገባም፣ አንገት ላይ ነው የምትንጠለጠለው። ቆንጆ ናት፣ ብዙ ሰው በመልኳ ይገዛታል፣ ያ ደግሞ ነውር አይደለም፤ የምትወዷት ካሜራ ከቤት ትወጣለች፣ የማትወዷት መሳቢያ ውስጥ ትቀራለች።

ውሃና አሸዋ

ሕፃናት፣ ዋና፣ ዝናብ፣ ተራራ ካለ ኦሊምፐስ ቲጂ-6ን ወይም ተተኪዋን የኦኤም ሲስተም ቲጂ-7ን አስቡ። ያለ ምንም ሽፋን 15 ሜትር ውሃ ውስጥ ትገባለች፣ ከ2.1 ሜትር ብትወድቅ ትችላለች፣ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ላይም ትሠራለች፤ አምራቹ የሚለው ይህን ነው። ሴንሰሯ ትንሹ ነው፣ ስለዚህ የማታ ሳሎን ተአምር አትጠብቁ። ግን ነፍሳትና አበባ ከ1 ሴንቲሜትር ርቀት ታነሳለች፣ በዚህ ውድ ካሜራዎችን ታስከነዳለች። የባትሪዋን ክዳን ከመዝጋታችሁ በፊት የጎማውን ዙሪያ እዩ፤ አንዲት ፀጉር ወይም አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ውሃ ታስገባለች። ጨዋማ ውሃ ከነካችም በንጹሕ ውሃ አለቅልቋት።

የማትሰበርበት ምስጢር ሌንሷ ወደ ውጭ የማይወጣ መሆኑ ነው። የሌሎቹ ትንንሽ ካሜራዎች ትልቁ ድክመት ደግሞ ይሄው ሌንስ ነው። ስትበራ እንደ ኤሊ አንገት ይወጣል፣ ስትጠፋ ይገባል፣ ሲወጣም አየር ይስባል፣ ከአየሩ ጋር የኪሳችሁን አቧራና ብናኝ። እኔ አንዷን ካሜራዬን ያጣሁት በዚህ ነው፦ አሸዋ ላይ ተቀምጬ ቦርሳ ውስጥ ወርውሬያት ነበር፣ ማታ ላበራት ስል "ክርርር" አለችና ሌንሷ ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ። አንድ ጠጋኝ ጋ ወሰድኳት፣ አገላብጦ አያትና "ማሠሪያው ከመግዣው ይበልጣል" አለኝ። አሁን ሁሌ በትንሽ ከረጢት ውስጥ ነው የማስገባት፣ ቁልፍና ሳንቲም ካለበት ኪስ ጋርም አላገናኛትም።

የድሮዎቹ

በ2000ዎቹ የተሠሩ፣ ሲሲዲ የሚባል ሴንሰር ያላቸው አሮጌ ካሜራዎች እንደገና ፋሽን ሆነዋል። "ቀለማቸው ልዩ ነው" ይባላል። ከፊሉ እውነት ነው፤ ግን አብዛኛው ያ መልክ የሚመጣው ከሲሲዲው ሳይሆን ፊት ለፊት ከሚመታው ፍላሽና ደማቁን ቦታ ነጭ አድርጎ ከሚያጠፋው ደካማ አሠራር ነው። ከወደዳችሁት ግዙት፣ ደስ ይላል። ውድ አድርጋችሁ ግን አትግዙት።

ከመግዛታችሁ በፊት ካርዱን ጠይቁ። የድሮ ኦሊምፐስና ፉጂፊልም ብዙዎቹ ኤክስዲ የሚባል ካርድ ነው የሚወስዱት፣ የድሮ ሶኒዎች ሜሞሪ ስቲክ፣ ሁለቱም ዛሬ እንደልብ አይገኙም። ኤስዲ የሚወስዱትም ቢሆኑ ጥንታዊዎቹ ከ2 ጊጋባይት በላይ አያነቡም፣ ትንሽ ቆየት ያሉት እስከ 32 ድረስ ብቻ። 128 ጊጋ ካርድ ከታችሁ "ካርድ የለም" ብትላችሁ ካሜራዋ አልሞተችም። ባትሪውንም እዩት፤ ሆዱ ካበጠ አትንኩት።

ያገለገለ ካሜራ ስትገዙ፣ አሮጌም ሆነ አዲስ ሞዴል፣ እኔ የማደርገው ይህን ነው። አብርቼ አጠፋታለሁ፣ አምስት ስድስት ጊዜ፣ ሌንሷ ሲወጣ ጆሮዬን አስጠግቼ። ዙሙን ከጫፍ እስከ ጫፍ እወስደዋለሁ። ቀዳዳውን እስከ ኤፍ 8 ወይም ከዚያ በላይ አጥብቤ ሰማይ ወይም ነጭ ግድግዳ አነሳለሁ፤ ሴንሰሩ ላይ አቧራ ካለ ግራጫ ነጥብ ሆኖ ይታያል፣ ሌንሱ ስለማይነቀል ደግሞ እናንተ ልታጸዱት አትችሉም። ከዚያ ሌንሱን በስልኬ መብራት በአግድም አየዋለሁ፤ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነገር ካለ ሻጋታ ነው፣ አመስግኜ እመልሳለሁ። ሻጩ ባትሪ የለውም ካለ ደግሞ እሷን ካሜራ አላየኋትም ማለት ነው።

ከገዙ በኋላ ስላለው ነገር ብዙ አልልም። ሁለተኛ ባትሪ አብራችሁ ግዙ፤ ትንንሽ ካሜራዎች ብዙዎቹ በአንድ ባትሪ ከ200 እስከ 300 ፎቶ ነው የሚያነሱት፣ ቪዲዮ ከቀረጻችሁ ከዚያም ያንሳል። በዩኤስቢ ሲ ቻርጅ የምትሆነውን ብትመርጡ በስልካችሁ ገመድ ትገላገላላችሁ። በአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2024 ዲሴምበር መጨረሻ ጀምሮ ለሽያጭ የሚቀርቡ ዲጂታል ካሜራዎች በሕግ ይህን መሰኪያ እንዲይዙ ስለተደረገ አዳዲሶቹ ላይ እየተለመደ ነው። ካርዱን ፎቶዎቹን ከገለበጣችሁ በኋላ ካሜራዋ ላይ ፎርማት አድርጉት፣ ኮምፒውተር ላይ እየመረጣችሁ አታጥፉ። ሰዓቷንም አስተካክሉ፤ የእኔ የአንድ ዓመት ፎቶ በሙሉ ጥር 1 ቀን ነው የተነሳው ይላል።

አሁንም መወሰን ያቃተው ካለ አንድ መንገድ አለ። ስልካችሁን ክፈቱና የመጨረሻ 200 ፎቶዎቻችሁን እዩ። ስንቶቹን ቆርጣችሁ አቀረባችሁ? ስንቶቹ ከመሸ በኋላ ወይም ቤት ውስጥ የተነሡ ናቸው? አትገምቱ፣ ቁጠሩ። እኔ ያቺን 30 እጥፏን ከመሸጤ በፊት እንዲህ ቆጥሬ ነበር። እያንዳንዱ ፎቶ ዝርዝሩ ውስጥ በስንት ሚሊሜትር እንደተነሳ ስለሚጽፍ ቀላል ነበር፦ ጨረቃዋንና ወፏን ካወጣን፣ ከአሥር ዘጠኙ ዙሙን ጨርሶ ያልነካሁባቸው ነበሩ።